ልጃችሁ በጨዋታው ውስጥ ማን ነው?

ልጆች በኅብረት በሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ ከጨዋታው አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «ማን ምን ይሁን?» የሚለው ነው። በሌባና ፖሊስ ጨዋታ ፖሊስ መሆን የሚፈልገው ይበዛል፤ ሌባ የሚሆነው በዕጣ ወይም በጉልበት ይለያል። በኩኩሉ ጨዋታ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆመው እስኪገኝ ድረስ ጥቂት ንትርክ አይጠፋም። በገና ጨዋታም ቢሆን እሩሯን እየመታ የሚሮጠው፣ መንገድ የሚዘጋውና ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀው የተለያዩ ናቸው። እናቶች ይህን ክርክር ከጓዳ ሆነን ስንሰማው ስለ ኖርን፣ የትኛው ልጅ ሁልጊዜ አለቃ መሆን እንደሚወድ፣ የትኛውም የተረፈውን ድርሻ ዝም ብሎ እንደሚቀበል ሳንጠየቅ እናውቃለን።

ዛሬ ግን ይህ ክርክር ከደጃፍ ወደ ስልክ ገብቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ እርሷ እንዲዘረጋ በታቀደው የባቡር መሥመር ስሟ በታወቀው በሐራ ገበያ፣ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ልጆች ስልክ ላይ አጎንብሰው «ከኋላዬ ሁን! ሸፍነኝ! ወድቄአለሁ፣ አንሣኝ!» መባባላቸው የተለመደ ሆኗል። እናት ይህን ስትሰማ ከአፏ የሚወጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ከጀመርክ ስንት ሰዓት ሆነህ?» እና «ለምን አትዘጋውም?» ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ይልቅ የልጁን ልብ የሚከፍት ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ምን ሆነህ ነው የምትጫወተው?» የሚለው ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ልጁ ወይም ልጅቱ የቡድን የተኩስ ጨዋታ ገና ስትጀምር የትኛውን ድርሻ መያዝ ይበጃል? ምርጫውስ ከእኛ ከወላጆች ጋር ምን ያገናኘዋል? ጨዋታውን ቀርባችሁ የማታውቁ እናቶች ካላችሁ አትጨነቁ፤ ከሥር እንጀምራለን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

የቡድን የተኩስ ጨዋታ የሚባለው፣ ጥቂት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ሆነው በኢንተርኔት አማካይነት ከሌላ ቡድን ጋር የሚገጥሙበት የኮምፒውተር ወይም የስልክ ጨዋታ ነው። የቡድኑ አባላት አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አያስፈልጋቸውም። አንዱ ሐራ፣ ሁለተኛው አዳማ፣ ሦስተኛው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ የሚነጋገሩትም በማዳመጫ ወይም በጽሑፍ ነው።

ጨዋታው የትናንት ፈጠራ አይደለም። ተጫዋቾች የየራሳቸው ሙያ ይዘው የሚሰለፉበት «ቲም ፎርትረስ» የተባለው ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2007 የተከተለው ሁለተኛው ቲም ፎርትረስ ዘጠኝ ባለሙያዎች ነበሩት፤ እነርሱም ቃፊር፣ ወታደር፣ እሳት ተፊ፣ ፈንጂ ወርዋሪ፣ ከባድ መሣሪያ ተሸካሚ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ አልሞ ተኳሽና ሰላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦቨርዋች»፣ በ2020 ደግሞ «ቫሎራንት» ተከተሉ። ሁለቱም አምስት ለአምስት የሚገጥሙባቸው ናቸው፤ ኦቨርዋች ሲጀምር ስድስት ለስድስት ነበር፤ በ2022 ነው ወደ አምስት የወረደው።

እነዚህ በብዛት ኮምፒውተር የሚጠይቁ ናቸው። በአገራችን ልጆች እጅ ይበልጥ የሚገቡት ግን በስልክ የሚሠሩት፣ በ2017 የወጣው «ፍሪ ፋየር» እና በ2018 የወጣው «ፐብጂ ሞባይል» ናቸው። በፍሪ ፋየር 50፣ በፐብጂ እስከ 100 ተጫዋቾች በአንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ። በቡድን ሲሆን አራት አራት ሆነው ይጓዛሉ፤ እስከ መጨረሻው የቆየው ቡድን አሸናፊ ይሆናል።

ሦስቱ የሥራ ድርሻዎች

የጨዋታዎቹ ስም ቢለያይም ድርሻዎቹን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጋሻ ነው። ይህ ተጫዋች ከፊት ይሄዳል፣ ብዙ ምት ይችላል፣ ጓደኞቹ ከኋላው ተከልለው እንዲራመዱ ቦታ ያስለቅቃል። በቀድሞው ዘመን ጋሻ ጃግሬ የሚባለው የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ ይከተል ነበር፤ በጨዋታው ያለው ጋሻ ግን ተከታይ ሳይሆን ቀዳሚ ነው። በኦቨርዋች ትልቅ ጋሻ ዘርግቶ የሚሄደው ራይንሃርት የዚህ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው አጥቂ ነው። ተኩሶ የሚጥለው፣ ስሙ በሰሌዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው እርሱ ነው። አልሞ ተኳሹም፣ ሮጦ ገብቶ የሚመታውም በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ።

ሦስተኛው ደጋፊ ነው። የቆሰለን የሚያክም፣ የወደቀን የሚያነሣ፣ ለጓደኛው ኃይል የሚጨምር፣ የጠላትን መምጫ አይቶ የሚያስጠነቅቅ ነው። በኦቨርዋች መርሲ የተባለችው ሐኪም ከምትይዘው በትር ሁለት ዓይነት ጨረር ይወጣል፤ ቢጫው ያክማል፣ ሰማያዊው የጓደኛዋን ምት ያበረታል። በቫሎራንት ሴጅ የተባለችው ግድግዳ አቁማ መንገድ ትዘጋለች፣ ትፈውሳለች፣ የወደቀንም ታስነሣለች።

በኦቨርዋች ዋናው አጨዋወት ከአምስቱ ተጫዋቾች አንዱ ጋሻ፣ ሁለቱ አጥቂ፣ ሁለቱ ደጋፊ እንዲሆኑ ደንቡ ራሱ ያስገድዳል። በፐብጂ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ክፍፍል የለም፤ አራቱ ተስማምተው አንዱ መንገድ መሪ፣ አንዱ ከሩቅ ተመልካች፣ አንዱ መድኃኒት ያዥ ይሆናሉ። ስምምነት ከሌለ አራቱም አጥቂ ይሆኑና አራቱም በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ይህ በእግር ኳስ የምናውቀው ነገር ነው። ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በወልድያ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ቆሟል። እዚያ ገብቶ ጨዋታ ያየ ልጅ ሁሉ ሰፈሩ ሲመለስ መሆን የሚሻው ግብ አግቢውን ነው። በረኛ የሚሆነው የመጨረሻው ታናሽ ወይም ኳሱ የሌላ ሰው የሆነበት ልጅ ነው። ሆኖም በረኛ የሌለው ቡድን ምን እንደሚገጥመው ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል። በስልክ ጨዋታም ሕጉ ያው ነው።

ጀማሪ የቱን ይምረጥ?

ጀማሪ ልጅ እጁ የሚሮጠው ወደ አጥቂው ነው። ምክንያቱም አይከብድም፤ ስሙ ያምራል፣ መሣሪያው ያንጸባርቃል፣ የጣለው ሰው ቁጥር ይቆጠርለታል። ነገር ግን አጥቂነት ከሌሎቹ ይልቅ የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። የሚሮጥ ሰው ላይ አነጣጥሮ መምታት በጥቂት ቀን የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ስለዚህ ጀማሪው ገና ሜዳውን ሳያየው ይወድቃል፤ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። በዚህ መሐል የሚማረው ነገር ቢኖር ንዴት ብቻ ነው። ስልኩን የሚወረውረው፣ ታናሽ እኅቱ ላይ የሚጮኸው ልጅ ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ ድርሻ የያዘ ጀማሪ ነው።

በመሆኑም ጀማሪ በደጋፊነት ቢጀምር ይጠቀማል እንላለን። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ደጋፊ ዓይኑን በጓደኞቹ ላይ ስለሚያሳርፍ ከጨዋታው ይማራል። ከተለማመደ ተጫዋች ኋላ ሲሄድ የት መከለል እንደሚገባ፣ መቼ መሮጥ፣ መቼ ዝም ብሎ መጠበቅ እንደሚሻል ያያል። የልብስ ስፌት የሚማር ልጅ መጀመሪያ ከባለሙያው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደሚያየው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የዓላማ ችሎታው ገና ቢሆንም ቡድኑን ይጠቅማል። የመርሲ ጨረር ወደ ጓደኛ ከተመራ በኋላ ይያያዛል፤ እንደ ጥይት በየምቱ አነጣጥሩኝ አይልም። በፐብጂም የወደቀን ጓደኛ ለማንሣት የሚያስፈልገው አጠገቡ ተከልሎ ጥቂት ሰኮንድ መታገሥ ነው። ጀማሪው «ጠቅሜአለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ይህ ስሜት ለልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ መነጋገርን ያስተምራል። ደጋፊ «ቆስያለሁ» ያለውን መስማት፣ «መጣሁ» ማለት፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠራው የትኛው እንደሚብስ መለየት አለበት። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ወጥና እንግዳ በአንድ ጊዜ የሚጠሯት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልጋትም።

ይሁን እንጂ ደጋፊነት መደበቂያ አለመሆኑን ልጁ ማወቅ አለበት። የተቃራኒው ቡድን በመጀመሪያ የሚፈልገው ሐኪሙን ነው፤ ሐኪሙ ከወደቀ ሌሎቹ አይቆዩምና። ስለዚህ ደጋፊ ከሁሉ ፊት መቆምም፣ ከሁሉ ተነጥሎ መቅረትም የለበትም፤ ከጋሻው ኋላ፣ ከአጥቂው አጠገብ፣ ከግድግዳ ጥግ ይሆናል። ደግሞም ቡድኑ ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ደጋፊው ነው። ልጁ ይህን አስቀድሞ ከሰማ ወቀሳው አይሰብረውም።

ደጋፊም ሁሉ ለጀማሪ አይሆንም። በኦቨርዋች አና የተባለችው ደጋፊ የምታክመው በጠመንጃ ዓልማ በመተኮስ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ ትፈልጋለች። ልጁ አጥቂነትን አልተውም ካለም አልሞ ተኳሽነትን ወይም ሰላይነትን ይተውና ቀለል ያለውን ይያዝ። በኦቨርዋች ሶልጀር 76 የሚባለው ተራ ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥ፣ ራሱንም በጥቂቱ የሚያክም በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል።

የትኛውንም ቢመርጥ በየጨዋታው መቀያየር አይበጅም። አንዱን ገጸ ባሕርይ ለተወሰኑ ቀናት ይያዝ፣ ይልመደው፤ ከዚያ ከሌላ ድርሻ አንድ ይጨምር። እንዲህ ሲሆን ቡድኑ የጎደለውን አይቶ መሙላት ይችላል። መልካም ተጫዋች የሚባለው «እኔ ምን ልሁን?» ከማለቱ በፊት «ምን ጎድሎናል?» ብሎ የሚጠይቀው ነው።

ለወንዱም ለሴቷም

እዚህ ላይ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን። ደጋፊነት መልካም ነው ስንል ለልጃገረዶች ብቻ የተተወ ነው ማለታችን አይደለም። ሴት መሆኗ በድምፅዋ የታወቀች ተጫዋች ወዲያውኑ «አንቺ አክሚ» የምትባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅቱ አጥቂ ልትሆን ፈልጋ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። አጥቂ ሆና ከተሳሳተችም ስድቡ በጨዋታዋ ላይ ሳይሆን በሴትነቷ ላይ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ድምፃቸውን ዘግተው የሚጫወቱ ሴቶች በየአገሩ አሉ።

ይህ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በብዙ ቤት እንግዳ ሲመጣ ውኃ የምታቀርበው፣ ቡና የምታፈላው፣ ታናሽዋን የምታዝለው ልጅቱ ናት፤ ወንዱ ስልኩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ያው ልጅ በጨዋታው ውስጥ «አክሚኝ! አንሺኝ!» እያለ ሌላዪቱን ቢያዝ ምን ይደንቃል? ድርሻ በፆታ እንደሚታደል የተማረው ከስልኩ ሳይሆን ከእኛ ከቤታችን ነው።

ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች እንኳ ከዚህ የተሻለ ነገር ያሰቡበት ጊዜ አለ። አስቀድመን ያነሣናት አና በታሪኩ ግብፃዊት እናት ናት፤ ጨዋታው ሲያስተዋውቃት ዕድሜዋ 60 ነበር። ልጇ ፋራ ደግሞ ደጋፊ ሳትሆን እየበረረች ሮኬት የምትተኩስ አጥቂ ናት። ኦሪሳ የተባለችውን ከፊት የምትሄድ ሮቦት በታሪኩ ውስጥ የሠራቻት ኤፊ ኦላዴሌ የምትባል የ11 ዓመት አፍሪቃዊት ልጅ ናት። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ሆኖም እናት ሐኪምም ተኳሽም፣ ልጅ አጥቂ፣ ሕፃንም መሐንዲስ ልትሆን እንደምትችል ያሳያል።

ስለዚህ ምክራችን ሁለት ወገን አለው። ወንድ ልጅ በደጋፊነት ይጀምር፤ የሌላውን ቁስል ማየት ይልመድ። ልጅቱም በደጋፊነት ትጀምር፤ ግን እዚያው እንድትቀር አይፈረድባት። ጋሻ ይዛ ከፊት መሄድ ከፈለገች ትሂድ። ጓደኛውን በስልክ ውስጥ አሥር ጊዜ ያነሣ ልጅም ከጨዋታው ሲወጣ ለእኅቱ ጀሪካኑን ቢያነሣላት ትምህርቱ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

እውነተኛ ጥይት ለሰሙ ልጆች

ስለ ተኩስ ጨዋታ በሰሜን ወሎ ስንነጋገር በሌላ አገር እንደምንነጋገረው አድርገን ልንናገር አንችልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተጎድተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቷል። ስለሆነም ሐራ ላይ «ተኩስ» የሚለው ቃል ለልጅ የስልክ ድምፅ ብቻ አይደለም።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ገበያ ውላ ማሽላዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትገባ ልጇ ጠመንጃ በሚጮኽበት ስልክ ላይ አጎንብሶ ታገኘዋለች። ያ ድምፅ እርሷን ወዴት እንደሚመልሳት መናገር አያስፈልግም። «ያየነው አይበቃንም?» ብላ ብትቆጣ ማን ይፈርድባታል? ልጁ ደግሞ እናቱ ለምን እንደ ተቆጣች አይገባውም፤ ለእርሱ ጨዋታ ነው።

ልጆች ያዩትን ነገር በጨዋታ መልሰው እንደሚሠሩት የሕፃናትን ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ሁሉ ያውቃሉ። ልቅሶ ያየ ልጅ ልቅሶ ይጫወታል፤ ሠርግ ያየ ሠርግ። ጦርነት ያየ ልጅ ዱላ ይዞ ቢተኩስ ክፉ ሆነ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ጨዋታ አለ። አንደኛው ልጁ እየሳቀ፣ እየቀያየረ፣ ጓደኛ እየጨመረ የሚጫወተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዱኑ ነገር ያለ ደስታ እየደጋገመ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ከጨዋታውም በኋላ ሳይቀልለው የሚቀርበት ነው። ይህ ሁለተኛው ከታየ፣ በተጨማሪም ልጁ ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ፣ ቀድሞ ትቶት የነበረውን ሽንት በመኝታ ላይ መሽናት የጀመረ፣ በር ሲገጭ የሚደነግጥ፣ ከሰው የሚሸሽ ከሆነ ነገሩ የስልክ ጉዳይ አይደለም። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ወስዳችሁ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። እንዲህ ላለው ልጅ የተኩስ ጨዋታ ለጊዜው ቢቀርበት ይሻላል።

ደጋፊ ሆኖ መጫወት የጦርነትን ጠባሳ ይፈውሳል አንልም። ግን ለእናትና ለልጅ መነጋገሪያ በር ይከፍታል። «ዛሬ ስንት ገደልክ?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ለእናት አንደበት የሚከብድ ነው። «ዛሬ ማንን አነሣህ?» ማለት ግን ይቻላል። ከዚያም ቀጥሎ ያለውን እውነት መንገር ይቻላል፤ ይኸውም በጨዋታው የወደቀ ጥቂት ቆይቶ እንደሚነሣ፣ በእውነቱ ዓለም ግን እንደማይነሣ። ይህን ልዩነት ልጅ ከእናቱ አፍ ቢሰማው ከማንም ይልቅ ያምነዋል።

በቤት ውስጥ የሚያስፈልግ ደንብ

ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ መከልከልም ሆነ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ሁለቱም ቀላል መንገዶች ናቸው፤ የሚከብደውና የሚጠቅመው መካከለኛው ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ነጥቦች እንመክራለን።

1ኛ/ ዕድሜውን ተመልከቱ። የአውሮፓው የዕድሜ መመዘኛ ኦቨርዋችን ከ12 ዓመት፣ ቫሎራንትን ደግሞ ከ16 ዓመት በላይ ላሉ ብሎ መድቧቸዋል። በስልክ የሚጫኑትም ሁሉ የዕድሜ ምልክታቸው በሚወርዱበት ገጽ ላይ ይገኛል። ከመጫኑ በፊት ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለታናናሾቹ የተኩስ ጨዋታ አያስፈልጋቸውም።

2ኛ/ በደቂቃ ሳይሆን በጨዋታ ቁጥር ወስኑ። የቡድን ጨዋታ እንደ ቪዲዮ በመካከል አይቆምም፤ አንዱ ቢወጣ ጓደኞቹ ጎደሎ ሆነው ይቀራሉ። «አሁኑኑ ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጠብ የሚያስነሣው በዚህ የተነሣ ነው። የፍሪ ፋየር አንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ገደማ፣ የፐብጂ እስከ 30 ደቂቃ፣ የቫሎራንት ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህን አስልታችሁ «ዛሬ ሁለት ጨዋታ» ብላችሁ ብትስማሙ ልጁም ቃሉን ለመጠበቅ ይቀለዋል፤ እናንተም ቃሉን ልትይዙበት ትችላላችሁ።

3ኛ/ ምልክቱን እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2019 (እ.ኤ.አ.) በጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ የጨዋታ ሱስን አስገብቷል፤ ዝርዝሩም በሥራ ላይ የዋለው ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። ድርጅቱ ሱስ የሚለው ዝም ብሎ ብዙ መጫወትን አይደለም። ሰውየው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ጨዋታውን ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም ዘወትር ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ቻይና በ2021 ባወጣችው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያሉ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ብቻ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት እንዲሆን ወስናለች። እኛ እንዲህ ያለ ደንብ የለንም፤ ስለዚህ ደንቡ ከቤት መውጣት አለበት።

4ኛ/ ገንዘቡን ጠብቁ። ጨዋታዎቹን ለመጫን ባይከፈልም በውስጣቸው ልብስ፣ የመሣሪያ ቀለምና ጌጣጌጥ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣሉ። የጨዋታውን ችሎታ የሚያሳድገው ልምምድ እንጂ የጠመንጃው ቀለም አይደለም። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁ በልጅ እጅ አይግባ። የኢንተርኔት ፓኬጁም የቤት ወጪ ነው፤ ከአስቤዛው ጋር አብሮ ይታሰብ።

5ኛ/ ከማን ጋር እንደሚጫወት እወቁ። ከሚያውቃቸው የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቢሰለፍ ይመረጣል። ከማያውቀው ሰው ጋር ከሆነ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱንና ፎቶግራፉን እንዳይሰጥ ንገሩት። የሚሳደብን ሰው ድምፅ መዝጋትና ለጨዋታው ባለቤቶች ማመልከት የሚያስችል ቁልፍ በጨዋታው ውስጥ አለ፤ ልጃገረዶች በተለይ ይህን እንዲያውቁት ይሁን።

6ኛ/ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጡ። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ለዚህ ጊዜ ከየት ያገኛል የምትሉ ሠራተኛ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። ሆኖም በሳምንት አንድ ጨዋታ፣ ያውም ቡና እየፈላ፣ የሚቻል ነው። ጣልቃ ሳትገቡ እዩ። ጓደኛው ሲወድቅ ልጃችሁ ይመለሳል ወይስ ጥሎት ይሮጣል? ሲሸነፍ ማንን ይወቅሳል? ታናሹ ልጫወት ሲለው ምን ይመልሳል? እነዚህን ሦስት ነገሮች ያየች እናት ስለ ልጇ ብዙ ነገር ታውቃለች።

አባቶችም ከዚህ ሥራ ነፃ አይደሉም። ልጅን መቆጣት ለአባት፣ ልጅን ማባበል ለእናት የሚል ክፍፍል በብዙ ቤት አለ፤ እርሱም እንደ ሌላው ድርሻ ሁሉ በልማድ የታደለ እንጂ የተጻፈ አይደለም። አባትም ቁጭ ብሎ «የትኛው ነህ?» ብሎ ይጠይቅ።

ባጠቃላይ፣ በቡድን ጨዋታ ውስጥ ድርሻን መምረጥ ልጅ በሕይወቱ ደጋግሞ የሚያደርገው ነገር መለማመጃ ነው። ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በዕድርም ሆነ በትዳር «ምን ጎድሏል? እኔስ የቱን ልሸከም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል። ይህን ጥያቄ ለመልመድ ስልክ ግድ አይደለም፤ ልጁ ስልኩን ከያዘው ግን አጋጣሚውን አናሳልፈው። ዛሬ ማታ «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፤ ከዚያ የሚመልስላችሁን ቁጭ ብላችሁ ስሙት።